አልማዝ ባለጭራን በመቁጠር ኤችአይቪን መከታተል ያስኬዳል?

ጠያቂ
ላቦራቶሪያቸው ደካማ በሆነ ጤና ጣቢያዎች የአልማዝ ባለጭራ ታካሚዎችን ቁጥር የኤችአይቪ ጠቋሚ ልናደርገው አስበናል። በዓይን ስለሚለይ ወጪ የለውም። መዝገቡ ላይ ምን ይግባ? ቁጥሩስ ምን ያህል ይታመናል?

የቆዳ ሐኪም
በዓይን መለየቱስ ይለያል፤ መዝጋቢው «ሽፍታ» ብሎ ካለፈው ግን ከንቱ ነው። ቦታውና ጎኑ ይጻፍ። የጉድፍ ቫይረስ ነርቭ ሥር ተደብቆ ቆይቶ የመከላከል አቅም ሲዳከም ስለሚነሳ ውሃ የቋጠረው ሽፍታ የነርቩን መስመር ይከተላል፤ ከጀርባ ተነስቶ በአንድ ጎን ይዞርና እምብርት አጠገብ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ማቃጠሉ ብዙ ጊዜ ሽፍታውን በቀናት ይቀድማል። ከንፈር ወይም ብልት ላይ እየተመላለሰ የሚወጣው ሄርፒስ የሚባል የሌላ ቫይረስ ሽፍታ ነውና አትቀላቅሉት። ቆዳ ላይ የተጨፈለቀ ነፍሳት ያቃጠለውም ያሳስታል።

የመረጃ ባለሙያ
ዋናው ዕድሜ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ያለ ኤችአይቪም ይወጣል፤ ስለዚህ ከ15–49 ያሉትን ለይታችሁ ቁጠሩ። አካፋዩ የዚያው ዕድሜ አዲስ ተመላላሽ ታካሚ ይሁን፦ ከ1,500 ታካሚ 6 ከሆኑ ከሺህ 4 ማለት ነው። ለክትትል የተመለሰ ሰው እንደ አዲስ ከተቆጠረ ስሌቱ ይበላሻል።

የሚጨመሩት ዓምዶች፦ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ፣ ኤችአይቪ ቀድሞ ታውቆ እንደነበር፣ ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት የጀመረበት ወር፣ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም የካንሰር ሕክምና ወይም ስቴሮይድ መድኃኒት። የመድኃኒቱን ወር አትዝለሉት፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የመከላከል አቅም ሲያገግም ራሱ ባለጭራ ሊያስነሳ ይችላል።

ከዚህ ቁጥር አዲስ የተያዙትን መገመት ግን አይቻልም። ባለጭራው ከተያዙ ዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒት በስፋት ሲዳረስም ይቀንሳል፤ ያ ማለት ኤችአይቪ ቀነሰ ማለት አይደለም። እኔ ብሆን ለምርመራ መጥሪያ ብቻ አደርገው ነበር።

ክሊኒካል ነርስ
እስማማለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለጭራን በኤችአይቪ ሕመም ደረጃ 2 ይመድበዋል፤ ሲዲ4 (የመከላከያ ሴሎች ቁጥር) ገና ሳይወርድም ስለሚወጣ ሰውዬው ጤነኛ መስሎ ይመጣል። ስለዚህ ምርመራው በዕለቱ ይቅረብለት። አንድ ፈጣን ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ ከ2019 ወዲህ የድርጅቱ ምክር ሦስት ተከታታይ ፖዘቲቭ ነው።

ለባለጭራው ፀረ-ቫይረሱ አሲክሎቪር 800 ሚ.ግ. በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይን ያሰጋልና ቶሎ ሪፈር። መድኃኒት ከሌላችሁ ታካሚው አይመጣም፤ የምትቆጥሩትም ታጣላችሁ።

ጠያቂ
የምርመራ ኪት ባለቀበት ወርስ?

የመረጃ ባለሙያ
«አልተመረመረም» ተብሎ ይጻፍ፣ ባዶ አይተው። ከ10 ታካሚ 4 ተመርምረው 3 ቢገኝባቸው «75 በመቶ» ብላችሁ አትላኩ፤ ሦስቱንም ቁጥሮች (10፣ 4 እና 3) ላኩ።