ኬ እና ኤን ያለባቸው ባለ 5 ፊደል የእንግሊዝኛ ቃላት፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጠያቂ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ

ሰላም ወገን። ታናሽ እህቴ 7ኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ ክበባቸው ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር የቃላት ውድድር አለበት። ሁለት ዓይነት ጥያቄ እንደሚመጣ ተነግሯቸዋል። አንደኛው ባለ 5 ፊደል ሆኖ ኬም ኤንም ያለበት ቃል ነው፤ ፊደሎቹ የትም ቢቀመጡ ችግር የለም። የሰውና የአገር ስም አይቆጠርም። ኤስ ተጨምሮበት የበዛ ቃልም አይቆጠርም። ሁለተኛው ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ አንዳቸውም የሌሉበት ባለ 5 ፊደል ቃል ነው። ይሄኛው ጭራሽ አልገባኝም። እንዲህ ያለ ቃል አለ እንዴ? ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ፣ ራሷ የምታስብበትን መንገድ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ኮምቦልቻ

አብሽር ወንድሜ፣ ቀላል ነው። ፊደሎቹ የሚወዱትን ቦታ ትያዝ።

መጀመሪያ የቃሉ መነሻ ላይ ትፈልግ። እዚያ ኬ እና ኤን ተጣብቀው ሲመጡ ኬው አይነበብም። ልጆች ቃል የሚፈልጉት በጆሯቸው ስለሆነ እነዚህን ይዘልሏቸዋል። ቢላ ማለት ናይፍ ነው፤ የሚጻፈው ግን ኬ-ኤን-አይ-ኤፍ-ኢ ነው። በር ማንኳኳት ኖክ፣ ኬ-ኤን-ኦ-ሲ-ኬ። መንበርከክ ኒል፣ ኬ-ኤን-ኢ-ኢ-ኤል። ሊጥ ማሸት ኒድ፣ ኬ-ኤን-ኢ-ኤ-ዲ። የታወቀ ለማለት ኖውን፣ ኬ-ኤን-ኦ-ደብሊው-ኤን። ድሮ እንግሊዞች ኬዋን ያነቧት ነበር። ድምፁ ጠፋ፣ አጻጻፉ ቀረ። ጀርመኖች ግን ጉልበትን ዛሬም ኬውን አሰምተው «ክኒ» ይሉታል። ይህንን ንገራት፤ ልጅ ምክንያቱን ሲያውቅ አይረሳም።

ቀጥሎ ወደ ቃሉ መጨረሻ ትሂድ። ባንክ፣ ታንክ ስንል የምንሰማው ድምፅ ነው፤ ኤን ከዚያ ኬ። ቲንክ፣ ታንክዩ የምንለው ታንክ፣ ድሪንክ፣ ብላንክ፣ ትራንክ ሁሉም ባለ 5 ናቸው። እዚህ አንድ ዘዴ አለ። ባለ 4 ፊደሉን ራንክ ትያዝና ከፊቱ ፊደል ትጨምር፦ በዲ ድራንክ፣ በሲ ክራንክ፣ በፒ ፕራንክ። ሊንክ ላይ ቢ ስትጨምር ብሊንክ ይሆናል፤ ዓይን ማርገብገብ ማለት ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደሴ ፒያሳ

መምህርት የዘለሉትን እኔ ጀባ ልበል። ኬ እና ኤን ተለያይተው የሚቀመጡባቸውም አሉ። እባብ ስኔክ፣ ኤስ-ኤን-ኤ-ኬ-ኢ። መክሰስ ስናክ፣ ኤስ-ኤን-ኤ-ሲ-ኬ። ቴክን፣ ቲ-ኤ-ኬ-ኢ-ኤን። ቶክን፣ ቲ-ኦ-ኬ-ኢ-ኤን። መሃል ላይ ተጣብቀው ደግሞ ቁርጭምጭሚት አለ፦ አንክል፣ ኤ-ኤን-ኬ-ኤል-ኢ።

ወጥመዱን ንገራት። መንኪ እና ዶንኪ ባለ 6 ናቸው። ኪችን እና ቺክን ባለ 7። ሲጣደፉ መጀመሪያ የሚመጡት እነዚህ ናቸው። በጣቷ ሳትቆጥር እንዳትጽፍ።

ሌላ አባል፣ ሐይቅ

ጊዜ ካጠረ ለምን ዝርዝሩን ሸምድዳ አትገባም? እኛ እንደዚያ ነበር የምናልፈው።

የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ዳኛው ኬን ትቶ በጂ ቢጠይቅስ? የሸመደደችው በሙሉ አይጠቅማትም። ቦታውን መፈለግ የለመደች ልጅ ለማንኛውም ፊደል ትደርሳለች።

የጤና ሳይንስ ተማሪ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ቃሉ አለ። ሚስጥሩ ዋይ ናት፤ የአናባቢ ሥራ ትሠራለች። ጂም ቤት የምንለውን ጂም እይ፦ ጂ-ዋይ-ኤም። ባለ 5 ሲሆን ሊምፍ አለ፣ ኤል-ዋይ-ኤም-ፒ-ኤች፤ ባዮሎጂ ላይ ታገኘዋለች፣ በሰውነታችን ውስጥ የሚዘዋወር ፈሳሽ ነው። ኤሉን በኤን ስትተካው ኒምፍ ይሆናል። ከምድር በታች ያለ የመቃብር ክፍል ክሪፕት ይባላል፣ ሲ-አር-ዋይ-ፒ-ቲ። ዓይን አፋር የሚለው ሻይ ላይ ኤል-ዋይ ሲጨመር ሻይሊ ይመጣል፣ ኤስ-ኤች-ዋይ-ኤል-ዋይ። ድራይም እንደዚሁ ድራይሊ ይሆናል። ሪትም ግን ባለ 6 ስለሆነ አይገባም።

ኮምፒውተር ጥገና የሚሠራ፣ ኮምቦልቻ

ለልምምድ ኔትወርክ ካለ ዋንሉክ የሚባል ድረ ገጽ አለ። የማታውቀው ፊደል ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ታደርጋለች። ኬ፣ ኤን፣ ከዚያ 3 የጥያቄ ምልክት ብትጽፍ በእነሱ የሚጀምሩ ባለ 5 ፊደሎችን ያወጣል። የሚመጣውን ሁሉ ግን አትመን፤ ዳኛ ሰምቶት የማያውቅ ቃል ይቀላቀልበታል።

ኔትወርክ ከሌለ ካርቶን ቆርጣችሁ ፊደል ሥሩ። ፊደል እየገጣጠሙ ቃል እንደሚሠሩበት ስክራብል የሚባል ጨዋታ ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ስክራብል ኬ አንድ ብቻ ናት፣ 5 ነጥብ አላት። ኤን 6 ናት፣ ነጥቧ 1። እኔ ለልጆቼ ይሄንን ነው የምመርጠው፤ ፊደሉን በእጃቸው ሲያዟዙሩ ቃሉ ራሱ ይታያቸዋል።

ጠያቂ

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። መምህርት፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። እህቴ ድሪንክንም ድራንክንም ጻፈች። ያለፈ ጊዜ ግሥ ይቆጠርላታል?

የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ኮምቦልቻ

ደንቡ የከለከለው የኤስ ብዜትንና ስሞችን ብቻ ከሆነ ይቆጠራል። ቢሆንም የክበቡን ኃላፊ አስቀድማ ትጠይቅ። ካልጠየቀች ድሪንክን ቀድማ ትጻፍ፣ ድራንክን ሌላ ሲያልቅባት ታውጣው።