የዲኤክስ ላሜራ ዝገት በልቶታል፤ ቤት ውስጥ ይጠገናል?

ጠያቂ (ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ዲኤክስ ኮሮላ ናት። የኋላ ግራ ፓራፋንጎ ከጎማው በላይ መዳፍ የሚያክል ቀዳዳ አውጥቷል። በሹፌሩ እግር ስር ወለሉ ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያካክሉ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። ከበሩ ስር ያለው ሳጥን ላዩ ደህና ይመስላል፣ በካቻቢቴ ስነካው ግን ይሰረጉዳል። ግራይንደርና ትራፓኖ አለኝ፣ መበየጃ የለኝም። በፋይበርና በስቱኮ ብቻ መጨረስ ይቻላል?

ባትላሜራ
ሦስቱን ለየብቻ እያቸው ወንድሜ። ፓራፋንጎው በአብዛኛው ሽፋን ነው፣ እንደ ሳጥኑ ጭነት አይሸከምም። የበሩ ስር ሳጥን ግን የመኪናዋ ወገብ ነው፤ ዲኤክስ ለብቻው የቆመ ሻንሲ ስለሌላት አካሏን የሚይዘው እሱና ወለሉ ነው። እዚያ ላይ ፋይበር መለጠፍ ራስን ማታለል ነው፣ ያለ ብየዳ አይሆንም።

ከውጭ ሳንቲም የሚያክል ቀዳዳ ከቀለሙ ስር ብዙ ጊዜ መዳፍ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በሽቦ ብሩሽ ቀለሙን እያነሳህ የሚያብረቀርቅ ብረት እስክታገኝ ሂድ፣ ከዚያ 2 ሴ.ሜ ጨምረህ ቁረጥ። ለላሜራው አዝነህ የቀጠነውን ጫፍ ብትተወው ብየዳው ሲነካው ይቀልጥና ቀዳዳው ይሰፋል።

መጣፊያውን በካርቶን ለካ። የመኪናው ላሜራ 0.7 ወይም 0.8 ሚ.ሜ ስለሆነ መጣፊያውም 0.8፣ ቢበዛ 1 ሚ.ሜ ይሁን። የቤት ክዳን ቆርቆሮ እንዳታመጣ፤ ከመቅጠኑም ሌላ ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል።

በኤሌክትሮድ መበየድ ይህን ላሜራ ይበሳዋል። ሚግ (ቀጭን ሽቦ እየመገበ የሚበይድ መበየጃ) ያለው ጋራዥ ፈልግ፣ ሽቦው 0.6 ሚ.ሜ ቢሆን ይመረጣል። ቆርጠህና አጽድተህ ከወሰድህ ለብየዳው ብቻ ትከፍላለህ። ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ እየራቀ ነጥብ ነጥብ ያድርግልህ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለለ፤ በአንድ ትንፋሽ ከሰፋው በሙቀት ይጣመማል። ከዚያ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል፣ ምንጣፉን አውጣ፣ ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ካትራም ፍቀህ አንሳ፤ እሳት የሚይዘው እሱ ነው። በወለሉ ስር የሚያልፈውን የቤንዚን ቱቦም አትርሳ።

ቀለም ቤት
ፓራፋንጎውን ግን ያለ ብየዳ ማድረግ ይቻላል። መጣፊያውን ዙሪያውን 2 ሴ.ሜ አስተርፈህ ቁረጥ፣ በኤፖክሲ ማጣበቂያ ከኋላ ለጥፈህ በየ3 ሴ.ሜው ሪቬት ምታ። ማጣበቂያው የሚይዘው ባዶ፣ በብርጭቆ ወረቀት የተሻካከረ ብረት ላይ ነው። የቀረ ቀለም ካለ ከነቀለሙ ይነሳል።

ስቱኮ ቀዳዳ አይደፍንም። ውሃ ይመጥጣል፤ ከኋላው ክፍት ከሆነ ከጎማው የሚረጨውን ጭቃ እየጠጣ ብረቱን ከስር ያዘግበታል፣ ቀለሙም ይነፋል። ብረቱን መጀመሪያ ኤፖክሲ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ቀለም) ቀባ፣ ሲደርቅ ስቱኮውን በላዩ፣ ከ3 ሚ.ሜ ሳይበልጥ። ለ100 ግራም ስቱኮ ሃርድነሩ (አብሮ የሚደባለቀው ማድረቂያ) 2 ግራም ያህል ይበቃል። ቶሎ ይድረቅ ብለህ ብትጨምር ትርፉ የመርፌ ቀዳዳና በቀለሙ ላይ የሚወጣ እድፍ ነው። ስትፈገፍገው በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምር፣ በ180 ቀጥል፣ በ320 ጨርስ፤ ሁሉንም በደረቁ፣ በውሃ አትፈግፍግ።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ዝገት ለዋጭ የሚባለው ፈሳሽስ? ሳጥኑ ውስጥ የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስስ?

ባትላሜራ
ፈሳሹ የሚሠራው ከብረቱ ጋር በተጣበቀ ስስ ዝገት ላይ ነው። እየተቀረፈ በሚወርድ ዝገት ላይ ብትቀባው ላዩን ብቻ አጥቁሮ ይቀራል። የተቃጠለ ዘይት ጎማ ያለሰልሳል፣ አቧራም ይሰበስባል፤ ለሳጥኑ የሚረጭ ሰም ይሻላል። ሰም ከመርጨትህ በፊት ግን ከሳጥኑ ስር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈት። የጅማ ቀይ ጭቃ እነሱን ደፍኖ ውሃውን ውስጥ ያስቀረዋል፤ አሁን የሚሰረጉደውም ሳይሆን አይቀርም ከዚያ የመጣ ነው። የፓራፋንጎውንም ውስጥ በውሃ ግፊት እጠብ፤ እዚያ የተጋገረ ጭቃ ዝናቡ ካለፈ በኋላም እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

ቀለም ቤት
ጅማ ላይ በጠዋት አትቀባ። ብረቱ ጤዛ ይይዛል፣ በዓይን ባይታይም ቀለሙን ያስለቅቃል። ከ4 ሰዓት በኋላ ጀምር፣ 10 ሰዓት ሳይሞላ ጨርስ፤ ያጋለጥኸውን ብረት በዚያው ቀን አንቲረስት ቀባው፣ እዚህ እርጥበት ውስጥ አድሮ ቢጫ ይሆናል። መጋቢት ላይ ዝናቡ ስለሚጀምር ክረምትን አትጠብቅ፤ ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው።

ወለሉን በተመለከተ፣ ከላይ ነው የበሰበሰው ከስር? ከላይ ከሆነ ውሃው የሚገባው ከፊት መስታወቱ ጎማ ወይም ከበሩ ጎማ ነው። አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ በእጅ ባትሪ እያየ አንተ መስታወቱ ላይ ውሃ አፍስስ። ካንጠባጠበ እሱን ሳትዘጋ ወለሉን አታስበይድ።