ጎንደር ላይ የመኪና ኤሌትሪክ በደንብ የሚያይ ጠቁሙኝ፤ ባትሪዬ ከሞተ ወዲህ መኪናዬ ሌላ ሆናለች

ያሪስ ማራኪ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለቅሶ ገጥሞኝ ደባርቅ ሄጄ መኪናዬ ያሪስ ግቢ ውስጥ 12 ቀን ቆመች። ስመለስ ቁልፉን ባዞረው ጭጭ። ጎረቤቴ በኬብል አስነሳልኝ። መጀመሪያ ኬብሉን ሲያስነካው ብልጭ ብሎ ነበር፤ አስተካክሎ ሲይዘው ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ግን ቴፑ ዝም ብሏል። የባትሪዋ ቀይ ምልክት ከዳሽቦርዱ አልጠፋ አለ። ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጣት ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ዝቅ ይላል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ እንደገና አልነሳ አለች።
ሁለት ነገር ጠቁሙኝ። አንደኛ፣ ኤሌትሪክ በሜትር ለክቶ የሚያይ ባለሙያ የት አለ? ሁለተኛ፣ ባትሪ መቀየር ካለብኝ ደረቁ ይሻላል ወይስ ውሃ የሚጨመርበት?

የአዘዞ ልጅ
ባትሪ ከሆነ ብዙ አትልፋ። ወደ አዘዞ ስትወርድ በቀኝ በኩል ያለው ባትሪ ቤት ሂድ። 6 ዓመት ደንበኛቸው ነኝ። አሮጌውን ተቀብለው ከዋጋው ይቀንሱልሃል፣ እዚያው ይገጥሙልሃል። ከእነሱ ውጭ ገዝቼ አላውቅም፣ አልገዛምም።

ሳሙና በር
ወንድም ዓለም፣ ያቺን ብልጭታ አትናቃት። እኔን ያየህ ተጠንቀቅ። ባለፈው ክረምት መኪናዬ ስትሞትብኝ አንድ ጋራዥ ወስጄ ኬብል እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ስሙን አልጠራም። ልጁ ስልክ በትከሻው ይዞ እያወራ ቀዩን በጥቁሩ ቦታ አሰረው። ጭስ ወጣ። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ እስከ ማታ ከልብሴ አልለቀቀም። «ምንም አይደለም፣ ፊውዝ ነው» አለኝ። ፊውዙ ተቀየረ፣ መኪናዋ ተነሳች፣ ከፍዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ጎርጎራ መንገድ ላይ በጨለማ መብራቱ እየደበዘዘ እየደበዘዘ ጠፋ። ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠዋል። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ውስጡ ተቃጥሎ ኖሮ ባትሪው ብቻውን ነበር ሲያስኬደኝ። ተመልሼ ስጠይቃቸው «ሲመጣም እንደዚህ ነበር» አሉኝ። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ቀበሌ 16
የትኛው ጋራዥ ነው? ተናገር እንጂ፣ ሌላውም ሰው ይወቅ።

ሳሙና በር
ስም አላነሳም አልኩ። ልጁ ተለማማጅ ነው፣ እንጀራው ነው። እኔ የምለው ኬብል ሲታሰር አጠገቡ ቁሙና በዓይናችሁ እዩ። ሌላ ሰው እንደኔ በጨለማ እንዳይቆም ነው የምጽፈው።

ብልኮ
እኔም ደርሶብኛል! የኔስ ኮምፒውተሩ ነው የሄደው። ሁለት ወር አቆምኳት።

ቀበሌ 16
ኮምፒውተሩን የት አሠራኸው? እዚህ ነው ወይስ ባሕር ዳር ወሰድከው?

ብልኮ
ባሕር ዳር። በመኪና አስጭኜ። የጭነቱ ዋጋ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ዲኤክስ አባ
እኔ 20 ዓመት ዲኤክስ፣ የድሮዋን ኮሮላ፣ ነድቻለሁ። አራዳ ያለው የኔ ባለሙያ ሜትር ምናምን አያውቅም፣ አያስፈልገውምም። መኪናው እየሠራ ባትሪውን ይነቅለዋል። ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው። ከጠፋ ዲናሞው ነው። በቃ። አንድ ቀን ተሳስቶብኝ አያውቅም።

መካኒካል ቴዎድሮስ ካምፓስ
አባ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ያ ነገር ለድሮ መኪና ነው። ዲናሞ እየሠራ ባትሪውን ሲነቅሉት ቮልቴጁ በቅጽበት ይዘላል። ባትሪው ነበር ያን የሚያረግበው። ያሪስ ውስጥ ኮምፒውተር አለ፣ በዚያች ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ልጁ ላይ እንዳይደረግበት እለምናለሁ።

ዲኤክስ አባ
ልጄ፣ 20 ዓመት ነው የምልህ። የሠራልኝን ሰው በወረቀት አልቀይረውም።

ፒያሳ ማታ ማታ
ጥሩ ነው፣ እናንተ ተከራከሩ። ጠያቂው እስከዚያው መኪናውን ከማራኪ እስከ ፒያሳ እየገፋ ይመጣል። ሰውየው ባለሙያ ጠቁሙኝ ነው ያለው!

መካኒካል ቴዎድሮስ ካምፓስ
እውነትህን ነው። እንግዲህ ልጻፍ፣ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።
ያሪስ ማራኪ፣ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ለካ። ሜትር በእጅህ ይኑር፣ ርካሹም ይበቃል። መኪናዋ አድራ ጠዋት ሳትነሳ ባትሪው ላይ ለካ። ወደ 12.6 ቮልት ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ገደማ ከሆነ ግማሽ ነው። ከ11.8 በታች ከሆነ ባዶ ነው። ከዚያ ሰው ቁልፉን እያዞረ አንተ ሜትሩን እይ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም አልሞላም። ሦስተኛው ዋናው ነው። መኪናዋ ተነስታ ባትሪው ላይ ለካ። ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየህ ዲናሞው እየሞላ ነው። 12 ምናምን ላይ ከቆመ ግን አይሞላም። አዲስ ባትሪ ብትገዛ እሱም በማግስቱ ይሞትብሃል፣ ገንዘብህ ውሃ በላው።
ያንተ ምልክቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፣ አትቀላቅላቸው። ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ማለቱ ብዙም አያስፈራም። ባትሪ ሲሞት ኮምፒውተሩ የተማረውን ይረሳል፣ ተነስታ ጥቂት ስትቆምና ስትነዳት ይመለሳል። ቴፑና ቀዩ ምልክት ግን ከብልጭታው ጋር ይሄዳሉ። ኬብሉ ለቅጽበት ተገልብጦ ከነበረ ፊውዝ ተቃጥሎ ይሆናል። የቴፑ ፊውዝ ትንሽ ነው። ብዙ ቶዮታ ላይ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ደግሞ 100 ወይም 120 አምፔር የተጻፈበት ትልቅ ፊውዝ አለ፣ የዲናሞው መንገድ በእሱ ነው። እሱ ከሄደ ዲናሞው ቢያመነጭም ባትሪው ጋ አይደርስም። በላዩ መስኮት ቢጤ አለው፣ በባትሪ መብራት አይተህ መሃሉ ተበጥሶ እንደሆነ ታውቃለህ።

የቁስቋም ልጅ
ይሄን ሁሉ ከምታስለካው አዲስ ባትሪ ግዛና እረፍ። የኔ ደረቅ ባትሪ ነው፣ ክፈተው ዝጋው የለም።

መምህርት ነኝ
ደረቅና ውሃ ላይ እኔ ልናገር፣ ሁለቱንም ይዣለሁ። ውሃው ርካሽ ነው ግን ማየት ይፈልጋል፣ የተጣራ ውሃ ብቻ ነው የሚጨመረው፣ የቧንቧ አይሆንም። ደረቅ የሚሉት ለመጨመር የማይከፈተው ነው እንጂ ውስጡ ፈሳሽ አለው። እኔ የምመክረው ዓይነቱን ሳይሆን የተመረተበትን ቀን እንድታይ ነው። ሱቅ ውስጥ አንድ ዓመት የተቀመጠ «አዲስ» ባትሪ አለ። እዚያው በሜትር አስለካ፣ ከ12.4 በታች ከሆነ አትውሰድ። እና ከቤት ማራኪ፣ ከማራኪ ፒያሳ ብቻ የምትነዳ ከሆነ፣ ማስነሳቱ የወሰደውን ያህል ዲናሞው ሳይመልስ ነው የምታጠፋው። በሳምንት አንዴ ረዘም አድርገህ ንዳት።

ባጃጅ ደንበኛዬ
ይቅርታ ከርእሱ ልውጣና፣ የባጃጅ ባትሪ የሚሞላልኝ ቀሃ አካባቢ ማን አለ?

የአዘዞ ልጅ
እኔ ያልኩት ቤት ይሞላል። አልኩህ እኮ፣ እነሱ ጋ ሁሉም አለ።

ያሪስ ማራኪ (ጠያቂ)
ተበድሬ ለካሁ። ጠዋት 11.9። ሞልቼ ሲነሳ 12.4፣ መኪናዋ እየሠራችም ያው 12.4 ናት፣ ጋዝ ስሰጣትም ንቅንቅ አላለችም። ኮፈኑን ከፍቼ በስልኬ መብራት አየሁ። ትልቁ ፊውዝ ላይ 120 ይላል፣ በመስኮቱ መሃል ያለው ብረት ጠቁሮ ለሁለት ተከፍሏል። ሰውነቴ ቀዘቀዘ፣ በእውነት። ጎረቤቴ ሊረዳኝ ብሎ ነው፣ ምን እላለሁ።

ሳሙና በር
አልኩህ! ፊውዙን ቀይረህ ዝም ብለህ አትነዳ። የኔን አስታውስ። ዲናሞውም ይለካ።

መካኒካል ቴዎድሮስ ካምፓስ
ሳሙና በር ያለው ትክክል ነው። ኬብል ሲገለበጥ ዲናሞው ውስጥ ያሉት ዳዮዶች (ኤሌትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) አብረው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ፊውዙ ብዙ ጊዜ በብሎን የታሰረ ነው፣ ተስቦ አይወጣም፤ አስቀድመህ ኔጌቲቩን ፍታ። በሽቦ ጠምዝዘው «ለጊዜው» ሊያስኬዱህ የሚሞክሩ አሉ፣ እምቢ በል። እሳት ነው። ልኩን፣ ያንኑ 120 አምፔር ይግጠሙልህ። ከዚያ አስነስተህ ለካ። 14 አካባቢ ከወጣ እሰየው። ካልወጣ ዲናሞው ይፈታ። አንድ ነገር ደግሞ፦ 12 ቀን ቆማ ለምን ሞተች? ጤነኛ ባትሪ ይችላል። አላርም ወይም ጂፒኤስ ተገጥሞላታል? ስትቆም ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ መሳብ የለባትም። ግማሽ አምፔር የሚስብ ነገር ካለ 45 አምፔር ባትሪ በ4 ቀን ያልቃል።

ያሪስ ማራኪ (ጠያቂ)
አላርም አስገጥሜያለሁ፣ ከ7 ወር በፊት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ነገ ጠዋት አስወስዳታለሁ።

ቀበሌ 16
የት ልትወስዳት ነው?

ዲኤክስ አባ
አራዳ ይምጣ። ፊውዝ መቀየር ለኔ ባለሙያ የሻይ ሰዓት ሥራ ነው። ባትሪውን እንዳይነቅል እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፣ ልጁ እንዳይሰጋ።

መምህርት ነኝ
ኬብል መኪናችሁ ውስጥ ያላችሁ፣ ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ የመጨረሻው ጫፍ ከባትሪው ራቅ ብሎ ያልተቀባ ብረት ላይ። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ በብልጭታ ይፈነዳል። ተማሪዎቼን የማስጽፋቸው እንደዚህ ነው።

ባጃጅ ደንበኛዬ
የአዘዞ ልጅ፣ እሁድ ይከፍታሉ?

የአዘዞ ልጅ
ከቅዳሴ በኋላ።