ኢንጂነሪንግ ፒኤችዲ፦ ከኮርሱ በኋላ ምን ይጠበቃል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ኪሎ (አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም) በሲቪል ኢንጂነሪንግ ፒኤችዲ ልጀምር ነው። ኮርሱ ካለቀ በኋላ ያለው መንገድ እንዴት ነው? ብዙ ሰው የሚዘገየውስ የት ላይ ነው?

መልስ 1፦ እኅቴ፣ አጠቃላይ ፈተና፣ ከዚያ ፕሮፖዛል ዲፌንስ (የምርምር ዕቅድሽን በገምጋሚዎች ፊት ማቅረብ)፣ ምርምር፣ ሕትመት፣ በመጨረሻ ዲሰርቴሽን ዲፌንስ (የመመረቂያ ጽሑፉን ማቅረብ)። በወረቀት 4 ዓመት ነው። ፈተናው ብዙም አያስፈራም፤ የሚያስቀረው ፕሮፖዛሉ ነው። «የአዲስ አበባ ጎርፍ» ብለሽ ከገባሽ ይመልሱሻል። አንድ ተፋሰስ ያዢ፤ የዝናብና የፍሰት መረጃው ስንት ዓመት እንደሚሸፍን፣ የጎደለው የት እንደሆነ ከመጻፍሽ በፊት አረጋግጪ።

መልስ 2፦ ሕትመቱን አትርሱ እንጂ! አንድ ጽሑፍ ከተላከ በኋላ ግምገማና እርማት ብቻ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን በ2ኛው ዓመት ላኪ። ጆርናሉ ስኮፐስ (የተመረጡ ጆርናሎች የሚመዘገቡበት የመረጃ ቋት) ውስጥ መኖሩን በአይኤስኤስኤን ቁጥሩ (የጆርናሉ መለያ ቁጥር) ራስሽ ፈልጊ፤ ድረ ገጹ ላይ የለጠፉትን አርማ አትመኚ። ከዝርዝሩ የተሰረዘ ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ላይቆጠርልሽ ይችላል። ስንት ጽሑፍ እንደሚፈለግ ከክፍሉ በጽሑፍ ተቀበይ።

መልስ 3፦ ቤተ ሙከራ ካለበት ደግሞ ሴንሰርና ኬሚካል ከውጭ ማስመጣት ወራት ይበላል፤ ግዢውን ፕሮፖዛሉ እንደጸደቀ ጀምሪው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የአይኤስኤስኤኑን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር።