የመሬት መዝገባችን ሲበዛ የማይንቀራፈፈው የትኛው የመረጃ ቋት ነው?

አወያይ፣ ደብረ ብርሃን፦ የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። የዞናችን የገጠር መሬት ይዞታ፣ የኪራይ ውልና የከተሞቹ የውሃ ቆጣሪ ንባብ በአንድ የመረጃ ቋት ቢጠቃለል፣ ረድፉም መቶ ሚሊዮን ቢያልፍ፣ በአንድ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ይበቃናል? ወይስ ከጅምሩ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚከፋፈል እንደ ካሳንድራ ያለ ቋት እንያዝ? ወጪው የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ ምክንያታችሁን ዘርዝሩ።

ከሸዋ ሮቢት፦ እኔ የሚከፋፈለውን እመርጣለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ካሳንድራ ፌስቡክ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሁሉም ክፍት የተደረገ ነው፤ የታሰበውም አንድ ማሽን ለማይችለው መረጃ ነው። መረጃው ሲበዛ ሰርቨር ይጨመራል፤ አንዱ ቢበላሽ ቅጂው ሌሎቹ ላይ አለ። ደብረ ብርሃን ላይ ያለ አንድ ሰርቨር መብራት ሲጠፋበት ግን የአጣዬውም የመሀል ሜዳውም ባለጉዳይ ባዶ እጁን ይመለሳል። ገበሬው የሥራ ቀኑን ትቶ መምጣቱን አትርሱ።

ከእነዋሪ፦ ወንድሜ፣ ስለ መብራቱ ያልከው እውነት ነው። ስለ ፍጥነቱ ግን አልስማማም። ፖስትግሬስ መረጃን 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ያስቀምጣል። ኢንዴክስ ማለት እንደ መጽሐፍ ማውጫ ረድፉ የት እንዳለ የሚጠቁም ነው። ቁጥር ላይ የተሠራ ኢንዴክስ በአንድ ገጽ 300 ያህል መጠቆሚያ ይይዛል፣ እያንዳንዱም በቀጣዩ እርከን ወዳለ ገጽ ይመራል እንበል። በሦስት እርከን (300 × 300 × 300) 27 ሚሊዮን ረድፍ ይሸፈናል፤ አንድ እርከን ሲጨመር ከ8 ቢሊዮን ያልፋል። ስለዚህ አንድን ይዞታ በመለያ ቁጥሩ ለማግኘት የሚነበቡት ገጾች መቶ ሚሊዮን ረድፍ ላይም ከአምስት አይበልጡም። «መረጃው በዛ፣ ቋቱ ደከመ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ኢንዴክስ በሌለው ዓምድ ላይ ሲፈለግ ነው።

የእኛን አገር ችግር ደግሞ የውጭ መመሪያ አይነግራችሁም። አንዱ መዝጋቢ «ኃይሉ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ»። ለኮምፒውተሩ ሦስቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ጸሐፊው ተቸግሮ በስሙ ቁራጭ ሲፈልግ ቋቱ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ መንቀራፈፉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀና ኃን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ ተጨማሪ ዓምድ ተበጅቶ ኢንዴክሱ እርሱ ላይ ይሠራ። ይህን ሳያደርጉ አሥር ሰርቨር መግዛት የሕዝብን ገንዘብ ማባከን ነው፤ አሥሩም አብረው ከዳር እስከ ዳር ያነባሉ።

ከአረርቲ፦ የእነዋሪው ያስረዳው አንድን ሰው ስለመፈለግ ነው። ኃላፊዎች የሚጠይቁት ግን ሌላ ነው፤ «በየወረዳው የአሥር ዓመቱ የውሃ ፍጆታ ስንት ነው?» ይላሉ። እዚያ ላይ የገለጽከው ኢንዴክስ ብዙ አይረዳም፤ ረድፉ ሁሉ መነበብ አለበት። ፖስትግሬስ ረድፉን እንዳለ ስለሚያስቀምጥ፣ የሚፈለገው ፍጆታው ብቻ ሆኖ ሳለ ስሙንም አድራሻውንም አብሮ ከዲስክ ያነሳል። ክሊክሃውስን የመሰሉ በዓምድ የሚያስቀምጡ ቋቶች የተጠየቀውን ዓምድ ብቻ ያነባሉ፤ ተመሳሳይ ነገር ጎን ለጎን ስለሚቀመጥም በደንብ ይታመቃል። ደግሞም ብዛት የሚመጣው ከቆጣሪው ነው። 50,000 ቆጣሪ በየሰዓቱ ቢያነብ በዓመት 438 ሚሊዮን ረድፍ ነው። መሬት እንደዚያ አይበዛም።

ከአንኮበር፦ እኔን የሚያሳስበኝ ከፍጥነት በፊት ያለው ነው። መሬት አይሸጥም፤ ግን ይወረሳል፣ በስጦታ ይተላለፋል፣ ይከራያል። ካሳንድራ ሁለት ቦታ የተጻፈ ነገር ሲጋጭበት የሰዓት ማህተሙ (የተጻፈበት ሰዓት ምልክት) የኋለኛ የሆነውን ይዞ የቀደመውን ይጥላል። በቢሮዎቹ ሰርቨሮች መካከል ያለው የኔትወርክ መስመር በተቋረጠበት ሰዓት አንዱ ቢሮ የአንዲትን እናት ውርስ መዝግቦ፣ ሌላው ቢሮ ያንኑ ማሳ በሌላ ሰው ስም ቢመዘግብ፣ መስመሩ ሲመለስ የእርስዋ መዝገብ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። የአንዱ ኮምፒውተር ሰዓት የተሳሳተ ከሆነ ደግሞ የቀደመው ኋለኛ ይመስላል። ሰው በድንበር ምክንያት በሚጋደልበት አገር ይህን መፍቀድ አይገባም።

ከሸዋ ሮቢት፦ አንኮበር ያልሽው ተገቢ ነው፤ ግን መፍትሔ አለው። ካሳንድራ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ «ይህ ካልተለወጠ ብቻ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ይቀበላል፤ ከቅጂዎቹ አብዛኞቹ ካልተስማሙም አይጽፍም።

ከአንኮበር፦ አብዛኞቹ መስማማት ካለባቸው ታዲያ መስመር ሲቋረጥ የተነጠለው ቢሮ መጻፍ አይችልም ማለት ነው። ትእዛዙም በተጻፈ ቁጥር በሰርቨሮቹ መካከል ደጋግሞ መልእክት ስለሚያመላልስ ከተራው ጽሑፍ በጣም የዘገየ ነው። የመረጥከው ለፍጥነትና መስመር ሲቋረጥም እንዲሠራ ነበር፤ ለመሬት ስትል ሁለቱንም ተውካቸው።

ከደብረ ሲና፦ ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ማታ ሰርቨሩ ቢቃጠል ጠዋት ሥራ እንጀምራለን? መጠባበቂያ ቅጂ አለን ማለት አይበቃም፤ ወደ ሥራ ለመመለስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በሙከራ ይታወቅ። አንድ ግዙፍ ሠንጠረዥ ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው በ10ኛው እትሙ ሠንጠረዥን በወር ወይም በዓመት ከፍሎ መያዝን ቀላል አድርጎታል። የቆጣሪው ንባብ በየወሩ ተከፋፍሎ ይቀመጥ፤ ያለፉት ወሮች ስለማይለወጡ አንድ ጊዜ ተቀድተው ይቀመጣሉ። ሁለተኛ ሰርቨር ደግሞ ከደብረ ብርሃን ውጭ ተቀምጦ የመጀመሪያውን እየተከተለ ይቅዳ። የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን የመብራት ስጋት በዚህ በአብዛኛው ይመለሳል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ለመሬቱ ፖስትግሬስ ይሁን፤ አንኮበር አሳምናኛለች። በቆጣሪው ግን አሁንም እከራከራለሁ። በዓመት 438 ሚሊዮን ረድፍ የሚጨመርበት ሥራ ከመሬቱ ጋር አንድ ዲስክ ላይ ከተጫነ፣ ገበሬው ወረፋ ይዞ የሚጠብቀው የውሃ ንባብ ተጽፎ እስኪያልቅ ነው። ቢያንስ ሁለቱ በተለያዩ ማሽኖች ላይ ይቀመጡ። የአረርቲው ባለሙያ፣ ክሊክሃውስን ለቆጣሪው ብቻ አስበህ ስንት ዲስክ እንደሚወስድ አስልተህ ብታቀርብልን?

ከአረርቲ፦ አቀርባለሁ። የአንድ ወር የናሙና ንባብ አመንጭቼ በሁለቱም ቋቶች ላይ እጭናለሁ፤ የዲስኩን መጠንና የየወረዳውን ድምር ለማውጣት የወሰደውን ጊዜ እዚሁ እጽፋለሁ።