ድሬዳዋ ለሚገቡ ቤተሰቦች፦ በላም ወተት ፋንታ ለልጆች ምን ይሰጥ?

ውድ እህታችን፣ ልጅዎ የላም ወተት እንደማይስማማት ገልጸው፣ ውጭ አገር የለመደችውን የአጃ ወተት ድሬዳዋ ላይ በምን እንደሚተኩት ስለጠየቁ፣ ከውጭ ተመልሼ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ከተቀመጥኩ ወዲህ በቤቴ የምሠራበትን ልጽፍልዎ ወደድሁ። ከሁሉ በፊት ሐኪሙ ያገኘው ችግር የትኛው እንደሆነ ይለዩ። አንጀቷ ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር መፍጨት አቅቶት ከሆነ፣ ጥቂት እርጎ ሊስማማት ይችላል፤ ላክቶሱ የወጣለት የላም ወተትም ይበቃታል። አለርጂው የወተቱ ፕሮቲን ከሆነ ግን እርጎውም፣ አይቡም፣ ቅቤውም አይነካም፤ የፍየል ወተትም ፕሮቲኑ ከላሙ ጋር ስለሚቀራረብ መፍትሔ አይሆንም። ጎረቤትና ዘመድ በፍቅር «ትንሽ ትቅመስ» ማለቱ ስለማይቀር፣ ይህን ገና ሲገቡ ለሁሉም ቁርጥ አድርገው ይንገሩ።

ወደ ንጽጽሩ ስንመጣ፣ አንድ ብርጭቆ የላም ወተት 8 ግራም ያህል ፕሮቲንና 300 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይሰጣል። በፕሮቲን የሚቀርበው የአኩሪ አተር ወተት ሲሆን 7 ግራም አካባቢ አለው። የአጃው 3 ግራም ገደማ ነው፤ የአልሞንዱ ደግሞ ከ1 ግራም ብዙም አይዘልም፣ ምክንያቱም አብዛኛው ውሃ ነው። የሩዝ ወተት ፕሮቲኑ ከማነሱም በላይ አርሴኒክ የተባለ መርዛም ንጥረ ነገር ስለሚገኝበት፣ በብሪታንያ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ይመከራል። ስለዚህ ለሚያድግ ልጅ የምመርጠው አኩሪ አተርን ነው፤ ሌሎቹ ለጣዕምና ለአዋቂ ቡና ይሁኑ። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ካለ ግን ከእናት ጡት ወይም ሐኪም ካዘዘው የሕፃን ወተት በቀር ከእነዚህ አንዱም ዋና መጠጥ ሊሆነው አይገባም።

አኩሪ አተሩን ቤት ውስጥ ማዘጋጀት አይከብድም። ለቅሞና አጥቦ ሌሊቱን መዘፍዘፍ ነው፤ በድሬ ሙቀት ውሃው አድሮ ስለሚኮመጥጥ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ጠዋት ገለባው ታሽቶ ከወጣ በኋላ በጣም በሞቀ ውሃ ይፈጫል፣ የጥሬ ጥራጥሬ ሽታውን የሚያመጣውን ኢንዛይም ሙቀቱ ስለሚያጠፋው። ከዚያ በንጹሕ ሻሽ ተጠልሎና ተጨምቆ እሳት ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ድስቱ ገና ሳይፈላ ነጭ አረፋ ገንፍሎ እስከ አፉ ይደርሳል፣ ብዙዎችም ፈላ ብለው ያወርዱታል። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለበት፣ አረፋውን እየገፈፉና እያማሰሉ ከፈላ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማቆየት ግድ ነው።

የውሃውም ነገር አለ። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ማዕድን እንደሚበዛበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ይመሰክራል። ከማዕድኑ አንዱ የሆነው ካልሲየም የአኩሪ አተርን ፕሮቲን ያረጋዋል፤ ቶፉ የሚባለው አይብ መሰል የአኩሪ አተር ምግብ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ውሃውን አስቀድመው አፍልተው፣ ዝቃጩ ወርዶ ሲጠልል ከላይ የጠራውን ይጠቀሙ።

የኦቾሎኒ ወተትም እዚህ በቀላሉ ይሠራል፤ ባቢሌ በኦቾሎኒዋ የታወቀች ናት፣ ጣዕሙም ከሁሉ ይበልጥብኛል። ሆኖም ኦቾሎኒ ራሱ ብዙ ልጆችን በአለርጂ ስለሚጎዳ፣ ልጅዎ ቀምሳው የማታውቅ ከሆነ ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ። ሁለተኛው ስጋት ሻጋታ ነው። ሙቀትና እርጥበት ያገኘው ኦቾሎኒ ጉበት የሚጎዳ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያፈራል፤ መርዙንም ማፍላት አያጠፋውም፣ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። እኔ ከነቅርፊቱ ገዝቼ ራሴ እፈለፍላለሁ፤ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና የመረረውን አንድ ፍሬ እንኳ አላስቀርም። እናቶቻችን ለጾም ፍትፍት የሚያዘጋጁት ሱፍም ተወቅጦ ሲጠለል ወተት ይመስላል፣ ግን የምግብ ማባያ እንጂ የልጅ ወተት ምትክ አድርጌ አልቆጥረውም።

የአጃ ወተት በቤት ሲሠራ ካሞቁት ይዝለገለጋል፤ የፋብሪካው እንደዚያ የማይሆነውና ስኳር ሳይጨመርበት የሚጣፍጠው ስታርቹ፣ ማለትም ሲሞቅ የሚያወፍረው የእህሉ ክፍል፣ በኢንዛይም ስለሚሰባበር ነው።

በቤት የሚሠራው ሁሉ፣ አኩሪ አተሩም ጭምር፣ ፋብሪካው የሚጨምረው ካልሲየምና ቫይታሚን ቢ12 የለውም። ልጅዎ ሥጋና እንቁላል የምትበላ ከሆነ ቢ12 ከዚያ ታገኛለች። ለካልሲየም ጤፍና የአበሻ ጎመን ያዘውትሩላት፤ ቆስጣ ግን ኦክሳሊክ አሲዱ ካልሲየሙን ስለሚይዝ በጎመን ቦታ አይቆጠር። ይህም ሆኖ መጠኑ በወተት እንደሚገኘው መድረሱን ለማረጋገጥ የሕፃናት ሐኪም ማየቱ አይቀርም።

ከዚያ ሲነሡ ሻንጣዎን በካርቶን ወተት አይሙሉት፤ አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ይይዛል። ካልሲየምና ቢ12 የተጨመረበት፣ ስኳር የሌለው የአኩሪ አተር ዱቄት ካገኙ እሱ ይሻላል፤ እዚህ እስክትለምዱ ያሻግራታል። ጥቂት ካርቶን ለመንገድ ከያዙም ካልሲየሙ ከታች ስለሚዘቅጥ ሁልጊዜ በደንብ ነቅንቀው ይቅዱ፤ ከከፈቱት በኋላም መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ቶሎ ስለሚሞቅ፣ አንድ ቀን የሚበቃውን ትንሹን ካርቶን ይምረጡ።