ልጄ ጉድፍ ይዞታል፣ እህቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት

ሰላም፣ ከጎንደር አዘዞ ነው የምጽፈው። ልጄን ጉድፍ ይዞታል። ሽፍታው ውሃ ቋጥሯል፣ ሲያክ ያድራል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እሰጠዋለሁ፤ አስፕሪን ለልጅ አደገኛ ስለሆነ አላስጠጋም።

እሱስ ይድናል። ጭንቀቴ አብራን የምትኖረው ነፍሰ ጡር እህቴ ናት። በልጅነቷ ይዟት እንደሆነ እናታችን አታስታውስም። (ኩፍኝ ወጥቶባታል ትላለች፣ እሱ ግን ሌላ በሽታ ነው።) ጉድፍ ሽፍታው ሳይወጣ 1 ወይም 2 ቀን ቀድሞ ይተላለፋል። ታዲያ አሁን ብትለይ ምን ይፈይዳል? ክትባቱ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። መከላከያ እንዳላት የሚያሳየው የደም ምርመራ ጎንደር ውስጥ የት ይሠራል? የልጁ ቁስል ሁሉ እስኪደርቅ ማራኪ ሰፈር አክስቴ ጋ ትሂድ እንዳልል፣ ተይዛ ከሆነ እስከ 21 ቀን ሳይታይባት ሊቆይ ይችላል፤ እዚያም ሕፃን አለ። ምን ትመክሩኛላችሁ?